ዱዓቸውን አደረጉ፤ ዙበይርንም ላኩ



ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይገባው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፦

በ2017 ዓ.ም መሬት ስትንቀጠቀጥ አዲስ አበባ የነበርን ሁሉ ያችን ስሜት አንረሳትም። መስከረም 26 ምሽት ተንቀጠቀጠ። ታኅሣሥ 26 ከሱብሒ በፊት ሰው በተኛበት ተንቀጠቀጠ። የካቲት 7 ደግሞ እኩለ ሌሊት ሲቃረብ መጠኑ 6 የደረሰ ነውጥ መጣ። መነሻው ከእኛ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዋሽ ፈንታሌና አካባቢው ነበር። ልደታ ኮንዶሚኒየም ላይ፣ አብነትና ሜክሲኮ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው ግን አልጋው ሲወዛወዝ፣ አምፖሉ ሲንቀሳቀስ አይቷል። እናቶች ልጆቻቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው በደረጃ ወርደዋል። ሱብሓነላህ! ያን ጊዜ ሽማግሌውም ወጣቱም በአንድ ቃል አላህን ጠራ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ግን በሰፈራችንም በስልካችንም ላይ ሦስት ዓይነት ንግግር ሰማን።

አንደኛው፦ «ለምን ትሮጣላችሁ? የተጻፈ አይቀርም። ሙእሚን ከሆናችሁ ተወከሉና ተኙ!» የሚል ነበር። በብርድ ልብስ ወጥተው ያደሩ እህቶች በኢማናቸው ድክመት ተሾፈባቸው።

ሁለተኛው፦ «ዛሬ ሌሊት በዚህ ሰዓት ትልቁ ይመጣል፣ ለሌላውም አስተላልፉ» የሚል ነበር። ማን እንዳለው፣ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ የለም። ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይዛመታል።

ሦስተኛው፦ «ይህን ክታብ በራፍህ ላይ ብትሰቅለው ቤትህ አይነካም» የሚል የገንዘብ ጥያቄ ነበር።

ሦስቱም ስለ አንድ ነገር ነው የሚያወሩት፤ ስለ መጠበቅና ስለ መጠጊያ። ሦስቱም ግን ከመንገዱ ወጥተዋል። አላህን መጠጊያ ማድረግ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ለማየት ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገንም። የኢስላም የመጀመሪያው ስደት የተደረገው ወደዚህችው ወደ ሐበሻ ምድር ነውና ከእርሱ እንጀምር።

➊ ስደተኞቹ በሐበሻ ምን አደረጉ?

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተላኩ በአምስተኛው ዓመት፣ በ615 አካባቢ ማለት ነው፣ የመካ ሙስሊሞች ስቃይ በዛባቸው። አላህ ባሉበት ሊጠብቃቸው ይችል ነበር፤ ያለ ጥርጥር ይችላል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን ባልደረቦቻቸውን «ዝም ብላችሁ ተወከሉ» ብለው አላስቀመጧቸውም። ማንም የማይበደልበት ንጉሥ ያለበት አገር ብለው ወደ ሐበሻ አመለከቷቸው። መጀመሪያ የወጡት 11 ወንዶችና 4 ሴቶች እንደነበሩ የሲራ ጸሐፊዎች ይዘግባሉ። ከመካከላቸው ዑስማን ኢብኑ ዐፋንና ባለቤታቸው የነብዩ ልጅ ሩቀያ ነበሩ (ረዲየላሁ ዐንሁም)። በድብቅ ወጡ፣ ወደ ባሕር ዳርቻ ወረዱ፣ የነጋዴ መርከብ አገኙ፣ ተሳፍረው ተሻገሩ። አላህን መጠጊያ ያደረጉ ሰዎች ናቸው፤ የመርከብ ዋጋ ከፍለው የተሳፈሩትም እነርሱው ናቸው።

ቀጥሎ ብዙዎች ተከተሏቸው። ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስን ከጓደኛው ጋር ስጦታ አስይዘው «ስደተኞቹን መልስልን» ብለው ወደ ነጃሺ ላኩ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጣሊብ በንጉሡ ፊት ቆመው የደረሰባቸውን አስረዱ፣ ከሱረቱ መርየም መጀመሪያ ቀሩ፤ ነጃሺም አለቀሱ፣ ስጦታውንም መለሱ። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ በመድረሳ ሰምተነዋል።

ብዙዎቻችን ያልሰማነው ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። የሙእሚኖች እናት ኡሙ ሰለማ (ረዲየላሁ ዐንሃ) በስደቱ ነበሩ፤ የሚተርኩልንም እርሳቸው ናቸው። በነጃሺ ላይ ሥልጣኑን የሚቀናቀን ሰው ተነሣ። ስደተኞቹ እንዲያ ያለ ጭንቀት አይተው እንደማያውቁ ይናገራሉ። ያስጠጓቸው ንጉሥ ቢሸነፉ የሚመጣው ሰው መብታቸውን ላያውቅ ነው። ጦርነቱ የሚደረገው ደግሞ ከናይል ማዶ ነበር።

ምን አደረጉ? ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ለነጃሺ ድል እንዲሰጣቸው አላህን ለመኑ። ሁለተኛ፣ «ማን ሄዶ የሆነውን አይቶ ይነግረናል?» ተባባሉ። ከሁሉም በዕድሜ ትንሹ ዙበይር ኢብኑል ዐዋም «እኔ» አለ። የውሃ አቁማዳ በአየር ነፉለት፤ በደረቱ ሥር አድርጎ ውሃውን ዋኝቶ ተሻገረ፣ ከሜዳው ደረሰ፣ በዓይኑ አየ። ነጃሺ አሸነፉ። ዙበይርም ልብሱን እያውለበለበ የምሥራቹን ይዞ እየሮጠ ተመለሰ።

ወንድሜ፣ እህቴ፣ እዚህ ላይ ቆም በሉ። እነዚያ ከእኛ ሁሉ በላይ አላህን የሚያውቁ ሰዎች ዱዓ ስላደረጉ ዙበይርን መላክ አልቀረባቸውም። ዙበይርን ስለላኩም ዱዓውን አልተዉም። እጃቸው ወደ ሰማይ ተዘርግቶ ነበር፤ ወጣታቸው ደግሞ ውሃ ውስጥ ነበር። ተወኩል ማለት ይሄ ነው።

➋ «የተጻፈ አይቀርም» እና ዑመር

«የተጻፈ አይቀርም» እውነት ነው። በቀደር ማመን ከኢማን መሠረቶች አንዱ ነው። ጥያቄው ግን መሸሻህስ፣ በር መዝጋትህስ፣ ሐኪም ቤት መሄድህስ ከተጻፈው ውጭ ነው ወይ? የሚል ነው።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረዲየላሁ ዐንሁ) ይህን ጥያቄ ከእኛ በፊት መልሰውታል። ወደ ሻም ሲሄዱ ሰርግ የምትባል ቦታ ሲደርሱ ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮቹን አማከሩ፣ አንሷሮቹን አማከሩ፣ የቁረይሽ ሽማግሌዎችን አማከሩ፤ ከዚያም ለመመለስ ወሰኑ። ታላቁ ሶሓባ አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ነው ወይ የምትሸሸው? ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ መለሱላቸው። ምሳሌም ሰጧቸው፦ ግመሎችህን ይዘህ አንድ ጎኑ ለምለም፣ ሌላው ጎኑ ደረቅ የሆነ ሸለቆ ብትደርስ፣ በለምለሙ ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው፤ በደረቁም ብታሰማራ በአላህ ቀደር ነው። ጥቂት ቆይቶ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ መጥተው ወረርሽኝ ወዳለበት አገር መግባትንም፣ ከዚያ ሸሽቶ መውጣትንም ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መከልከላቸውን ሲነግሯቸው ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ።

ስለዚህ በዚያ ሌሊት ልጇን አቅፋ የወረደችው እህት ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር ነው የሸሸችው። ማንም በኢማኗ ላይ የመሾፍ መብት የለውም።

ነብዩስ (ሰ.ዐ.ወ)? ግመሉን ለቅቆ ይወከል ወይስ አስሮ ይወከል ብሎ ለጠየቃቸው ሰው አስሮ እንዲወከል ነገሩት። ሲሰደዱ ከአቡበክር ጋር በሠውር ዋሻ ሦስት ሌሊት ተደበቁ፣ መንገድ የሚያውቅ ሙስሊም ያልሆነ መሪ ቀጠሩ፣ ሰው ወደሚጠብቃቸው ወደ መዲና አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው ወጡ። በኸንደቅ ጊዜ ከሶሓቦቻቸው ጋር ጉድጓድ ቆፈሩ። ወፎች ጧት ባዶ ሆዳቸውን ወጥተው ማታ ጠግበው እንደሚመለሱ የነገሩን ለተወኩል ምሳሌ አድርገው ነው። ወፎቹ ግን ይወጣሉ! ጎጇቸው ውስጥ ተቀምጠው አይጠብቁም።

በዋሻው ውስጥ ግን ሌላ ነገርም አለ። ጠላት በራፉ ላይ ሲደርስ ሰበብ ሁሉ አልቋል። ያኔ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አቡበክርን አላህ ከእነርሱ ጋር መሆኑን ነግረው እንዳያዝኑ አጽናኗቸው። ሰበብ እስከሚያደርስበት ሄዱበት፤ ሰበብ ሲያልቅ ልባቸው አልተናወጠም፤ ቀድሞም በሰበቡ ላይ አልተንጠለጠለምና።

➌ ፍርሃት የሚነግዱት

አሁን ወደ ክታቡና ወደ «ዛሬ ሌሊት ይመጣል» ባዮች እንምጣ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ ባለሙያዎች በዚያ ወቅት ሲያስረዱ እንደሰማነው፣ በስምጥ ሸለቆው ሥር የቀለጠ ዐለት እየተገፋ መሬቱን ይሰነጥቃል፤ ነውጡም ከዚያ ነው። ስምጥ ሸለቆው ደግሞ ዛሬ የተፈጠረ አይደለም፤ አገራችን በ1906 እና በ1961 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከባድ ነውጦችን አይታለች። በየትኛው አካባቢ አደጋው እንደሚበዛ ማወቅ ይቻላል። በየትኛው ሌሊት፣ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ግን በዓለም ላይ ሊነግርህ የሚችል መሣሪያ የለም። ታዲያ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ የሚልክልህ ሰው ከማን ሰማ? ሳይንሱ አያውቀውም፤ ገይብ ደግሞ የአላህ ብቻ ነው። ያንን መልእክት ያስተላለፈ ሰው የሰማውን ሁሉ ማውራት ለውሸታምነት እንደሚበቃ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ያስጠነቀቁበት ውስጥ ይገባል። በዚያ ሌሊት ነፍሰ ጡር እህት ይህን አንብባ እንቅልፍ አጥታ አድራለች፣ የልብ ሕመም ያለባቸው አባት ተጨንቀው አድረዋል። ቀልድ አይደለም፤ የሰው ሐቅ ነው።

ክታቡን በተመለከተ፦ ከቁርኣን ውጭ የሆነ፣ የማይነበብ ጽሑፍና ምልክት ያለበት፣ ከአላህ ሌላ የሚጠራበት ነገር መስቀል የተከለከለ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከተሚማ አስጠንቅቀዋል። ከቁርኣን ብቻ የተጻፈን ስለ መስቀል ቀደምቶቹ የተለያየ አስተያየት ነበራቸው። ያንን ለዑለሞች እንተወው፤ መተዉ ግን ለልብ ይበልጥ ንጹሕ ነው እንላለን። እኛ የምንናገረው ስለ ንግዱ ነው።

«ሩቅያ ላይ ሶሓቦችም ተከፍሏቸዋል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው። ሶሓቦች በመንገድ ላይ ሳሉ የአንድ ጎሳ መሪ ተነደፈ፤ አንዱ ፋቲሓ ቀራበት፣ በአላህ ፈቃድ ዳነ፣ በጎች ተሰጣቸው፣ ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) አጸደቁላቸው። ግን እስቲ እናስተውል፦ እዚያ የታመመ ሰው ነበር፤ የታወቀ የቁርኣን ሱራ ተቀራበት፤ ዳነም። ማንም በጤነኛ ሰው ልብ ውስጥ ፍርሃት ዘርቶ መድኃኒቱን አልሸጠለትም። «ካልገዛኸኝ ቤትህ ይፈርሳል» የሚል ሰው ሩቅያ አድራጊ አይደለም፤ ነጋዴ ነው። ሸቀጡም የአንተ ፍርሃት ነው።

ደግሞስ ምን ጎደለንና? ሱረቱል ፈለቅና ሱረቱ ናስ ለመጠጊያነት የወረዱ ሁለት ሱራዎች ናቸው። ከኢኽላስ ጋር ጧትና ማታ ሦስት ሦስት ጊዜ ይቀራሉ። ስትተኛ አያተል ኩርሲይ አለልህ። የበቀራ የመጨረሻ ሁለት አያዎች አሉልህ። ከቤት ስትወጣ ቢስሚላህ ብለህ በአላህ ላይ መወከልህን ትናገራለህ። ይህ ሁሉ በነጻ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ከመድረሳ ይዞት ይመጣል። ብር የሚጠይቅህ ሰው የሌለህን ነገር አልሰጠህም።

➍ የልደታ ዙበይሮች

ከእነዚያ ስደተኞች መካከል የተላከው በዕድሜ ትንሹ ነበር ብለናል። ስለዚህ ንግግራችን ከእናንተ ከወጣቶቹ ጋር ነው። አባቶችና እናቶች በዱዓ እየበረቱ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ዋኝቶ የሚሻገረው ማነው?

• ወሬውን አጣሩ። የሚያስፈራ መልእክት ሲደርሳችሁ እጃችሁ ላይ ይቁም። ዙበይር በዓይኑ አይቶ ነው የተናገረው። ከሚመለከተው ተቋም ያልወጣውን አታስተላልፉ።

• በዚያች ቅጽበት ምን እንደሚደረግ ለቤተሰባችሁ አስተምሩ። መሬት እየተንቀጠቀጠ ሳለ በደረጃ መሯሯጥ ራሱ አደጋ ነው። ባለሙያዎች የሚመክሩት ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስንና አንገትን መሸፈን፣ ከመስኮትና ከቁም ሳጥን መራቅ ነው። ሲቆም በሊፍት ሳይሆን በደረጃ ወርዶ ከሕንፃ፣ ከግንብ አጥርና ከኤሌክትሪክ ሽቦ መራቅ ያስፈልጋል።

• የብሎካችሁን ደረጃ አጽዱ። ጀሪካን፣ የከሰል ማዳበሪያ፣ አሮጌ አልጋ፣ ሳይክል ደረጃው ላይ ተደርድሮ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ከመንገድ ላይ አስቸጋሪን ነገር ማስወገድ ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ መሆኑን እናውቃለን፤ ደረጃውስ የሁላችን መንገድ አይደለም ወይ? አጥር የሌለው ጣሪያ ላይ የተኛ ሰው ጥበቃው እንደሚነሣበት በአቡ ዳውድ ዘገባ ተነግሯል። የላላ የበረንዳ ብረት ያለው ቤት ልጁን ሳይሆን ብረቱን አስቀድሞ ያጥብቅ።

• እሳቱን አጥፉ። በመዲና አንድ ቤት በሌሊት ከነሰዎቹ በተቃጠለ ጊዜ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) እሳት ጠላት መሆኗን ነግረው ሲተኙ እንዲያጠፏት አዘዙ። ይህን ሐዲስ በክረምት አስታውሱት። ከሰል አቀጣጥሎ በርና መስኮት ዘግቶ መተኛት ሽታ በሌለው ጭስ ይገድላል። አያተል ኩርሲይ ቀርተህ ከሰሉን ቤት ውስጥ ትተህ ብትተኛ ከሱናው ግማሹን ነው የሠራኸው።

• ማን እንደሚያንኳኳ አስቀድማችሁ ተከፋፈሉ። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ፤ መራመድ የማይችል ወንድም አለ። ሙስሊም ይሁኑ ክርስቲያን ጎረቤት ጎረቤት ነው። ጂብሪል ስለ ጎረቤት ደጋግሞ ከማሳሰቡ የተነሣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጎረቤትን ወራሽ ሊያደርገው ነው ብለው እስኪያስቡ ደርሰዋል። የእኛን ቀደምቶች በራቸውን ከፍተው ያስጠጉት ንጉሥም ስደተኞቹ ሲደርሱ የክርስቲያን አገር ንጉሥ ነበሩ። እኛ የዚያ ውለታ ልጆች ነን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። እኛ መወዛወዙን ነው ያየነው፤ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ግን መሬቱ ተሰንጥቆ፣ ቤት ፈርሶ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከነከብቶቻቸው ከቀያቸው ወጥተዋል። «አላህ ይጠብቃቸው» ማለት መልካም ነው። አላህ ግን ሰውን ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው የሚጠብቀው። ሙሃጂሮችን በነጃሺ እጅ ጠበቃቸው። አንተ መጠጊያ ስትለምን የሌላው መጠጊያ አንተ ሆነህ ትሆናለህ። በሰላሙም ጊዜ ቢሆን ሰደቃችንን እንዲህ ላሉ ወገኖች እናስለምድ።

➎ ሁሉን አድርገን ቢመጣስ?

ይህ ብዙ ወጣቶች በቀስታ ጠጋ ብለው የሚጠይቁን ጥያቄ ነው። «አዝካሬን እቀራለሁ፣ ጥንቃቄም አደርጋለሁ፤ ግን ቢደርስብኝስ? አላህ አልጠበቀኝም ማለት ነው?»

አይደለም። ከዑመር ጋር የተነጋገሩት አቡ ዑበይዳ በዚያው ወረርሽኝ ነው የሞቱት፤ ጀነት ከተበሰረላቸው አስሩ አንዱ ናቸው። ዑመር ራሳቸው የተወጉት ሱብሒ እያሰገዱ ነው። ሐምዛ በኡሑድ ወደቁ። ከእነዚህ የበለጠ በአላህ የተጠበቀ ማን አለ? የአላህ ጥበቃ ምንም አይነካህም የሚል ውል አይደለም። ቢነካህም ከእርሱ እጅ አልወጣህም፣ ልብህ አልጠፋም፣ ድካምህ አልባከነም ማለት ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከሸሂዶች ሲቆጥሩ በወረርሽኝ የሞተውን፣ በውሃ የሰጠመውን፣ ፍርስራሽ የወደቀበትንም ቆጥረዋል። ፍርስራሹ ሥር ያለውን ሙእሚን እንኳ አልተዉትም!

ስለዚህ ጥንቃቄ የምናደርገው ሞትን ልናስቀር አይደለም። ጌታችን ያዘዘንን ልንፈጽም ነው። አዝካር የምንቀራውም እንደ ክፍያ ደረሰኝ ይዘን ልንጠይቅበት አይደለም። ባሮች መሆናችንን አውቀን ወደሚጠብቀን ልንጠጋ ነው። ይህን የያዘ ሰው ሲነቀነቅ ይወርዳል፣ ጎረቤቱን ያንኳኳል፣ ሜዳ ላይ ቆሞ ዱዓ ያደርጋል፤ ሲረጋጋ ተመልሶ ቢስሚላህ ብሎ ይተኛል። የማይሾፍ፣ የማያስወራ፣ የማይሸጥ፣ የማይሸጥለት ሰው ይሆናል።

ዛሬ ማታ ሁለት ነገር እናድርግ። ሦስቱን ቁል ቀርተን እንተኛ። ከመተኛታችን በፊት ደግሞ ደረጃችን ላይ ያለውን አንድ ዕቃ እናንሣ።

አላህ ሆይ! አገራችንን፣ ሰፈራችንን፣ ቤተሰቦቻችንን ከፊታችንም ከኋላችንም፣ ከላያችንም ከሥራችንም ጠብቅልን። ከቀያቸው የወጡትን በሰላም መልሳቸው። ልባችንን ካንተ ውጭ ከመንጠልጠል፣ እጃችንንም ከስንፍና ጠብቅልን። አሚን!

ወላሁ አዕለም።

ለወንድምና እህቶቻችሁ አስተላልፉ፤ በተለይ በዚያ ሌሊት ተጨንቀው ለነበሩት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ